ከመጣችሁበት ጀልባ ውረዱ

ውሃ ሲጠፋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልታችሁ ከቦኖ እስከ ቤት ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ? የምታውቁ ትከሻችሁ ክብደቱን አይረሳውም። አሁን ጀሪካኑን እርሱትና ያንኑ ክብደት በአንድ ዘር ውስጥ አስቡት። ዘሩን የሚያህል ሌላ ዘር በዓለም ላይ የለም፤ ተለቅ ያለው እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል። ከነልጣጩ ሲሆን ደግሞ ከ40 ኪሎ የሚያልፍም አለ። የሚንጠለጠለው ከመንገደኛው አናት በላይ፣ ፎቅ ቤት በሚያህል ዘምባባ ጫፍ ላይ ነው። ከሥሩ ጠባብ የእግር መንገድ አለ፤ ጎብኚውም ሽቅብ እያየ፣ ትንሽም እየፈራ ያልፋል።

ዛሬ የምንሄደው ይህ ዛፍ ወደሚበቅልበት አገር፣ ወደ ሲሼልስ ነው። ከመነሳታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፤ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲሼልስ ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ማዶ፣ ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ፣ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል የተበተኑ 115 ደሴቶች አገር ነው። የብሳቸው ስፋት ሁሉም አንድ ላይ ቢደመር አዲስ አበባን አያክልም። ዋናዋ ደሴት ማሄ ናት፤ ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያም እዚያው ነች። ከቦሌ ተነስቶ ማሄ የሚያርፍ አውሮፕላን አለ። ቪዛ አስቀድሞ አይጠየቅም፤ ከጉዞ በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ፈቃድ ግን አለ። ኑሮው ውድ ነው፤ ይህን ቀድሜ ልናገርና ወደ ጉዳያችን እንግባ።

ሞቃት አገር ያለ ደሴት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ነጭ አሸዋና የኮኮናት ዛፍ ነው። እሱም በሽ ነው። የሲሼልስ ምሥጢር ያለው ግን በድንጋዩ ላይ ነው። በውቅያኖስ መካከል ያሉ ደሴቶች አብዛኞቹ ወይ እሳተ ገሞራ የወለዳቸው ወይ ኮራል የገነባቸው ናቸው። ማሄና ጎረቤቶቿ ግን ግራናይት ናቸው፤ ዕድሜው 750 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነ የአህጉር ድንጋይ። አፍሪካ፣ ሕንድና ማዳጋስካር አንድ ምድር በነበሩበት ዘመን እነዚህ ድንጋዮችም የዚያው ምድር አካል ነበሩ። ምድሪቱ ስትከፋፈል፣ በመጨረሻም ከ65 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሕንድ ተላቅቃ ወደ ሰሜን ስትሄድ፣ እነሱ መሐል መንገድ ላይ ቀሩ። እንጀራ ሲቆረስ መሶቡ ላይ የሚቀር ፍርፋሪ በሉት።

ፍርፋሪው ላይ የቀሩ ነዋሪዎችም ነበሩ። በማሄ ተራሮች፣ ጉም በማይለየው ጫካ ውስጥ፣ በወደቀ ቅጠል መካከል የምትኖር አንዲት እንቁራሪት አለች። ርዝመቷ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ ብትቀመጥ ቦታ ይተርፋታል። እንቁላሏን የምትጥለው ውሃ ውስጥ አይደለም፤ እርጥብ መሬት ላይ ነው። የሚፈለፈለውም ጭራ ያለው እጭ ሳይሆን አንድ ፍሬ ሩዝ የማይሞላ፣ እግሩን የጨረሰ እንቁራሪት ነው። ከሁሉ የሚገርመው ጆሮዋ ነው። የጆሮ ታምቡርም መካከለኛ ጆሮም የላትም። ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ ደንቆሮ ናት ብለው ጠርጥረው ነበር። ግን ትጮኻለች፤ ጩኸቷን ሲያሰሟት ደግሞ ትመልሳለች። በ2013 የወጣ ጥናት በኤክስሬይ መርምሮ ምሥጢሩን አገኘው። የአፏ ባዶ ቦታ ድምፁን እያጎላ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሰዋል። በአፏ ነው የምትሰማው ማለት ነው። አፋቸውን ከፍተው ከማዳመጥ በቀር ሥራ የሌላቸው ሰዎች እኛም ጋ አሉ፤ ልዩነቱ እሷ በእርግጥ ትሰማለች።

ከሲሼልስ ውጭ የዚህች እንቁራሪት የቅርብ ዘመድ የት ተገኘ ቢባል አፍሪካ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ተራሮች መሬት ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር፣ ሐምራዊ መልክ ያለው እንቁራሪት ነው፤ ሳይንስ የመዘገበውም በቅርቡ፣ በ2003 ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች የተለያዩት አገር ለአገር ሄደው ሳይሆን አገራቸው ራሱ ተሰንጥቆ ስለሄደባቸው ነው።

ይህ መነጠል ነው እንግዲህ ሲሼልስን ሲሼልስ ያደረጋት። ከሌሊት ወፍ በቀር የየብስ አጥቢ እንስሳ በራሱ አቅም አልደረሰባትም። አይጥ አልነበረም፤ ድመት አልነበረም፤ ጅብማ ከየት ይመጣል። ወፎቹ መሬት ላይ ቢተኙ የሚነካቸው የለም፤ ስለዚህ በፍርሃት አላደጉም። ሰው ሲመጣ ደግሞ ሁሉም አብሮት መጣ። የፈረንሳይ ሰዎች መስፈር የጀመሩት በ1770 ነው፤ ብዙም ሳይቆዩ ቀረፋ ተከሉ። እኛ ሻይ ውስጥ የምንጨምራት ያቺው ቀረፋ ናት። ወፎች ፍሬዋን እየበሉ ዘሩን በየጫካው በተኑት። ዛሬ ማሄ ተራራ ላይ ቅጠል ቀንጥሶ ያሸተተ መንገደኛ የሻይ ቤት ሽታ ሊያገኝ ይችላል፤ ደስ የሚል ነው፣ የቀረፋው ቦታ ግን የአገሩ ዛፍ ቦታ ነበር። የሌሊት ወፏም ቢሆን በኛ ዘንድ ቆሌ የምትገፍ ትሁን እንጂ እዚያ በቅመም ወጥ ይሠራባታል። ለጾመኛም ለፍስክም የምመክረው አይደለም፤ እንዳለ ግን ልንገራችሁ።

ከማሄ ወደ ፕራስሊን ደሴት በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ባሕሩ የሚረብሸው ሰው በትንሽ አውሮፕላን በሩብ ሰዓት ይደርሳል። በመጀመሪያ ያነሳሁት ዘምባባ ያለው እዚህ ነው። ስሙ ኮኮ ደ ሜር ይባላል፤ የባሕር ኮኮናት ማለት ነው። ስሙ ስህተት ነው፤ ስህተቱ ግን ታሪክ አለው። ደሴቶቹ ከመታወቃቸው በፊት ይህ ዘር ባሕር ላይ ሲንሳፈፍ፣ በተለይ በማልዲቭስ ዳርቻዎች፣ ይገኝ ነበር። የበቀለበትን ዛፍ ያየ ሰው ስላልነበረ መርከበኞች ከባሕር በታች የሚያድግ ዛፍ አለ ብለው አመኑ። መድኃኒትነት አለው ተብሎ በውድ ዋጋ ተሸጠ፤ የአውሮፓ ነገሥታት በወርቅና በብር አስጊጠው በግምጃ ቤት አስቀመጡት። በ1768 አንድ የፈረንሳይ ጉዞ ፕራስሊን ላይ ዛፉን አገኘና ምሥጢሩ ተፈታ። ሳይንሳዊ ስሙ ግን እስካሁን ሎዶይሲያ ማልዲቪካ ነው፤ ማልዲቭስ ውስጥ አንድም ቀን በራሱ በቅሎ የማያውቅ ዛፍ የማልዲቭስ ተብሎ ቀረ።

ለምን አልበቀለም? ሕያው የሆነው ዘር ባሕር ውስጥ ሲወድቅ ይሰምጣል። የሚንሳፈፈው ውስጡ በስብሶ ባዶ የቀረው ቅርፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ከተወለደበት ደሴት መውጣት አይችልም። በተፈጥሮ የሚገኘው በፕራስሊንና በጎረቤቷ ኩሪዩዝ ብቻ ነው።

መልኩን በሬዲዮ እንዴት እንደምገልጸው እንጃ። ከነልጣጩ ልብ ይመስላል። ልጣጩ ሲወልቅ ግን… ልጆች አጠገባችሁ ካሉ አሁንም ልብ ይመስላል በሏቸው። ለአዋቂዎቹ፣ ከወገብ በታች ያለ የሴት አካል ይመስላል። የወንዴው ዛፍ አበባ ደግሞ ክንድ የሚያህል ረጅም ነገር ነው፤ እሱንም አልተረጉመውም። ወንዴና ሴቴ ዛፍ የተለያዩ ናቸው። በአገሩ አፈ ታሪክ፣ ማዕበል በሚነሳበት ሌሊት ወንዴዎቹ ሥራቸውን ነቅለው ወደ ሴቶቹ ይሄዳሉ፤ ሲተቃቀፉ ያየ ሰው በሕይወት አይተርፍም። ሳይንስም ቢሆን የአበባውን ዱቄት ማን እንደሚያደርስ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠም፤ ንፋስ፣ ነፍሳት፣ አረንጓዴዎቹ ትናንሽ እንሽላሊቶች ሁሉ ተጠርጣሪ ናቸው።

ፍሬው ለመብሰል ከ6 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። አፈሩ ደግሞ ደሃ ነው። ታዲያ ይህን ግዙፍ ዘር በምን ይመግበዋል? መልሱን ዝናብ ሲዘንብ ቆሞ ማየት ነው። ቅጠሉ በቁመቱ ታጠፍ ታጠፍ ያለ ትልቅ ማራገቢያ ነው። ውሃው በእጥፋቶቹ እየወረደ በአገዳው ቦይ ይሰበሰባል፤ ከዚያ በግንዱ ቁልቁል ይንቆረቆራል። የቤታችን አሸንዳ ማለት ነው። የቤታችን አሸንዳ ውሃውን ከግድግዳው ያርቃል፤ ይህኛው ግን ቅጠል ላይ የወደቀውን የአበባ ዱቄት፣ የወፍና የእንሽላሊት ኩስ፣ ብስባሽ ሁሉ ጠራርጎ ወደ ገዛ እግሩ ያመጣል። ዛፉ ለራሱ ማዳበሪያ ያዘጋጃል።

ይህን ጫካ የምታዩት ቫሌ ደ ሜ በሚባል ሸለቆ ነው። ስፋቱ 19.5 ሄክታር ብቻ ነው፤ በ1983 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ፀሐይ ከላይ እየነደደች ውስጡ ይጨልማል። ንፋስ ሲመጣ ደረቆቹ ቅጠሎች እርስ በርስ ሲጋጩ በር የሚንኳኳ ይመስላል። ማለዳ ግቡ፤ የቱሪስት አውቶቡስ ሳይደርስ። በጸጥታው መካከል ጠራ ያለ ፉጨት ከሰማችሁ ጥቁሩ በቀቀን ነው፤ የአገሪቱ ብሔራዊ ወፍ፣ ፕራስሊን ላይ ብቻ የሚራባ። ጥቁር ተባለ እንጂ ቡኒ ነው፤ ጥላ ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው የጠቆረው። ጎጆው የሞተ ዘምባባ ግንድ ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚህ ጫካ የደረቀ ዛፍ ለማገዶ አይፈለጥም።

እዚህ ሸለቆ በ1881 አንድ ለእኛ እንግዳ ያልሆነ ሰው ገብቶ ነበር፤ ጄኔራል ቻርልስ ጎርደን። ከጉንደትና ከጉራ ጦርነቶች በኋላ የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ በ1879 ደብረ ታቦር ድረስ በመምጣት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ያነጋገረው፣ በ1885 ካርቱም ላይ የሞተው ጎርደን ነው። ከደብረ ታቦሩ ጉዞ ሁለት ዓመት በኋላ ሲሼልስን ጎበኘና ይህን ሸለቆ ሲያይ ኤደን ገነት የነበረችው እዚህ ነው ብሎ ደመደመ። ኮኮ ደ ሜር መልካሙንና ክፉውን የምታስታውቀው ዛፍ፣ የዳቦ ፍሬ የሚባለው ዛፍ ደግሞ የሕይወት ዛፍ ሆነለት። ካርታም ሠርቶ ተከራከረ። ከኤደን ከወጡት አራት ወንዞች አንዱ ግዮን ነው፤ እኛ ደግሞ ዓባያችንን በዚሁ ስም ስለምንጠራ፣ ኤደንን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ሲያዛውሯት ቢያንስ ሊያማክሩን ይገባ ነበር። ያም ሆኖ የሰውየውን ስሜት ይቅር ለማለት ሸለቆው ውስጥ አንድ ሰዓት መቆም ይበቃል።

ዘሩን ለመታሰቢያ ይዞ መውጣት ይቻላል፤ ግን መንግሥት ቁጥርና የምስክር ወረቀት ከሰጠው ሻጭ ብቻ ነው የሚገዛው። ያለ ወረቀቱ አየር ማረፊያ ላይ ትቀማላችሁ። ዋጋውም ዘሩን ያህል ከባድ ነው።

ከፕራስሊን ላ ዲግ በጀልባ ሩብ ሰዓት ነው። ደሴቷ ላይ ሰው የሚጓዘው ባብዛኛው በብስክሌት ነው። ለፎቶ የተፈጠሩ የሚመስሉ ክብ ድንጋዮች ያሉበት የባሕር ዳርቻዋ ዝነኛ ነው፤ ስለሱ ማንም ይነግራችኋልና ልለፈው። እኔ የምልካችሁ መሐል ደሴቱ ላይ ወዳለው አነስተኛ ጥብቅ ደን ነው። እዚያ ጭራው ከአካሉ የሚረዝም፣ ከራስ እስከ ጭራ ጥቁር የለበሰ ወፍ አለ። የአገሩ ሰዎች ባሏ የሞተባት ሴት የለበሰችውን ማቅ ቢያስታውሳቸው "ቨቭ" አሉት፤ መበለት ማለት ነው። ችግሩ ጥቁር የሚለብሰው ወንዱ ነው። ሴቷ ጀርባዋ ቀይ ቡኒ፣ ደረቷ ነጭ፣ ደስ ብሏት የምትኖር ናት።

ስለ ግዙፎቹ ኤሊዎች ስትጠይቁ ሁሉም አልዳብራ የተባለውን ደሴት ይጠሩላችኋል። እውነት ነው፤ አልዳብራ ላይ 100 ሺህ ገደማ ኤሊዎች ይኖራሉ፣ ይህም ከአገሪቱ ሕዝብ ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ነው። ነገር ግን አልዳብራ ከማሄ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የሚደርስበትም ጥቂት ሰው ነው። እናንተ ወደ ኩሪዩዝ ሂዱ። ይህች ደሴት ቀድሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚገለሉባት ነበረች፤ የሐኪሙ ቤት ዛሬም ቆሟል። ከአልዳብራ የመጡ ኤሊዎች እንደ ከብት በነፃ ይሰማራሉ። አንዱ አጠገብ ተንበርከኩና አንገቱን ከሥር ቀስ ብላችሁ እከኩለት። መጀመሪያ ይቆማል። ቀጥሎ አራቱን እግሮቹን ቀጥ አድርጎ ያንን ሁሉ ክብደት ከመሬት ያነሳል፤ አንገቱንም እንደ መለከት ይዘረጋል፤ ዓይኑን ከደን ያደርጋል። ተደስቶ ብቻ አይደለም። በትውልድ አገሩ ወፎች ቆዳው እጥፋት ውስጥ የገባውን ተባይ እንዲለቅሙለት የሚቆምበት አቋም ነው። እናንተን ወፍ ብሎ ነው የቆመላችሁ። ቀትር ላይ ግን አትፈልጉት፤ ጥላ ካላገኘ ፀሐይ ትገድለዋለችና ከዛፍ ሥር ተኝቷል። ጥልቀት የሌለው የዝናብ ውሃ ሲያገኝ ደግሞ በአፍንጫው ስቦ ይጠጣል።

አሁን ወደ ርዕሳችን ደረስን። ከፕራስሊን ብዙም የማትርቅ፣ 30 ሄክታር የማትሞላ ኩዛን የምትባል ደሴት አለች። የተከራያችሁት ጀልባ ዳርቻው አጠገብ ሲደርስ ሞተሩን ያቆማል። ወደ አሸዋው አይጠጋም። ከደሴቷ አንድ ጀልባ ወጥቶ ይመጣና ከመጣችሁበት ወርዳችሁ ወደሱ ትሻገራላችሁ። ቦርሳችሁ ይፈተሻል፤ ቀኑ ሳይመሽም ትመለሳላችሁ፣ ማደር የለም። ምክንያቱ አይጥ ነው። አንዲት እርጉዝ አይጥ በጀልባ ገመድ ወይም በዕቃ መካከል ተደብቃ ከገባች የደሴቷ ነገር አበቃለት።

ይህ የጉምሩክ ጭንቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፍሬጌት በምትባለው ሌላ ደሴት ላይ ሆኗል። እዚያ ጥቁርና ነጭ መልክ ያላት፣ ሰው ቅጠል ሲገላልጥ ነፍሳት ለመልቀም እግሩ ሥር የምትመጣ ዘማሪ ወፍ ነበረች። በ1960ዎቹ በዓለም ላይ የቀሩት ከ15 አይበልጡም ነበር፤ ሁሉም ፍሬጌት ላይ። ቁጥራቸው ገና ማገገም ሲጀምር በ1995 አይጥ ገባ። ደሴቷን ከአይጥ ለማጽዳት እስከ 2000 ድረስ ፈጀ። ወፏ የተረፈችው ከዚያ ቀደም ብሎ ጥቂቶቹን ወደ ሌሎች ደሴቶች በመውሰዳቸውም ጭምር ነው።

ኩዛን ራሷ ተራ የኮኮናት እርሻ ነበረች። ሲሼልስ ዋርብለር የምትባለው፣ ድንቢጥ የምታክል ቡኒ ወፍ ዘር በሙሉ በዚያ እርሻ ዳር በቀረ ቁጥቋጦ ውስጥ ተጠጋግቶ ነበር። 30 እንኳ አይሞሉም። በ1968 አንድ ዓለም አቀፍ የወፍ ጥበቃ ድርጅት ደሴቷን ገዛት። ከዚያ የተሠራው ሥራ ቀላል ነው፤ ኮኮናቱን ቆረጡና የአገሩን ዛፍ ተዉት። ጫካው ተመለሰ፤ ነፍሳቱ ተመለሱ፤ ወፏም ተራባች። ጎጆ መሥሪያ ቦታ ሲጠብ ልጆቹ ከወላጆቻቸው አይለዩም፤ ታናናሾቻቸውን በማሳደግ ያግዛሉ፤ በተለይ ሴቶቹ። ኮንዶሚኒየም ዕጣ የሚጠብቅ ቤተሰብ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በኋላ ወደ አራት ሌሎች ደሴቶች ተወስደው ዛሬ ከ3,000 በላይ ሆነዋል። ይህችን ወፍ ለማየት መነጽር አያስፈልግም፤ ጭንቅላታችሁ አጠገብ ናት። የሚያስፈልጋችሁ የትንኝ መከላከያ ቅባት ነው፤ የኩዛን ትንኝ እንደ ወፎቿ ሰው አይፈራም።

ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከሄዳችሁ ሌላ ነገር አለ። የጭልፊት መንቁር የመሰለ አፍ ያላት የባሕር ኤሊ እንቁላሏን ለመጣል ወደ አሸዋው ትወጣለች። በአብዛኛው ዓለም ይህን የምታደርገው በሌሊት ነው፤ ሲሼልስ ላይ ግን በጠራራ ፀሐይ ትወጣለች። ከፊቷ አትቁሙ፤ ከኋላ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ፤ እንቁላል መጣል ሳትጀምር ከተደናገጠች ወደ ባሕሩ ትመለሳለች። በኋላ እግሮቿ እየተቀያየረች ጉድጓዱን ትቆፍራለች፤ አንዱ ሲዝቅ ሌላው የወጣውን አሸዋ ወደ ጎን ይጠርጋል፤ ጭልፋ የያዘች ሴት ትመስላለች። ከ150 በላይ እንቁላል ትጥልና ደብድባ ደፍና፣ ዳርቻው ላይ የትራክተር ጎማ የመሰለ ዱካ ትታ ትሄዳለች። ቅርፊቷ ለማበጠሪያና ለጌጥ ስለሚፈለግ ለብዙ ዘመን ስትታደን ኖራለች፤ ሲሼልስ በ1994 አደኑን ሙሉ በሙሉ ከለከለች። ኩዛን ላይ የሚወጡት ኤሊዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በብዙ እጥፍ ጨምረዋል።

ከኩዛን ከመውጣታችሁ በፊት አስጎብኚው አንድ ዛፍ ሥር ያቆማችኋል። ቅርንጫፉ በዓይናችሁ ትክክል ነው። ባዶ ነው፤ ጎጆ የለውም፣ ሣር የለውም። ቅርፊቱ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች፤ እዚያች ላይ አንዲት ነጠብጣብ ያላት እንቁላል ተቀምጣለች። የነጭ ባሕር ወፍ እንቁላል ነች፤ ይህች ወፍ ጎጆ አትሠራም። ንፋስ ቅርንጫፉን ያወዛውዘዋል፤ እንቁላሏ አትወድቅም። ሁለት ክንድ እልፍ ብሎ ከሌላ ቅርንጫፍ ላይ ቀድሞ የተፈለፈለ ጫጩት አለ፤ ከአካሉ ጋር የማይመጣጠን ትልልቅ ጥፍር አለው፤ በሁለት እግሩ ቅርፊቱን ጨብጦ ወደ እናንተ ያያል። እናቱ ከባሕር መጣች፤ በመንቁሯ ሦስት ቀጫጭን ዓሣ በአግድም ደርድራ ይዛለች። በእናንተና በልጇ መካከል አርፋ አንዱን ሰጠችው።